«ስቶፕ» ወይስ «ኩዊት»? «አቆምኩ» ለማለት ትክክለኛውን የእንግሊዝኛ ቃል መምረጫ መመሪያ

በአማርኛ «አቆምኩ» ብለን የምንገላገለውን ነገር እንግሊዝኛ ለሁለት ይከፍለዋል። አንዱ «ስቶፕ» ነው፣ ሌላው «ኩዊት»። መዝገበ ቃላት ሲገልጡ ሁለቱም ጋ «ማቆም፣ መተው» የሚል ፍቺ ስለሚያገኙ ብዙ ሰው እንዳመጣለት እያቀያየረ ይናገራቸዋል። በጨዋታ መሃል ሰሚው ከሁኔታው ይረዳዋልና ችግር የለውም። ችግር የሚመጣው ቅጽ ሲሞሉ፣ ለሐኪም ሲያስረዱ፣ ከቀጣሪ ጋር ሲነጋገሩ ነው። ሥራ ስለማቆም ሲጻፍ የተመረጠችው አንዲት ቃል አሜሪካ ውስጥ ገንዘብ ልታስቀር ትችላለች፤ እሱን ቦታው ላይ ስንደርስ እናየዋለን።

ዋናውን ነገር አስቀድሜ ልንገርዎ። «ስቶፕ» የሚናገረው እንቅስቃሴ ወይም ድርጊት መቋረጡን ብቻ ነው። ማን አቋረጠው፣ ለምን፣ ይቀጥላል ወይስ አይቀጥልም፣ ቃሉ ዝም ይላል። «ኩዊት» ግን ሰው ይፈልጋል፤ ያውም ተሳስሮበት የቆየውን ነገር በራሱ ውሳኔ ለቅቆ የወጣ ሰው። የቃላቱ ትውልድም ይህንኑ ያሳያል። «ስቶፕ» በጥንቱ እንግሊዝኛ ቀዳዳ መወተፍ ማለት ነበር፤ ዛሬም የጠርሙስ ውታፍ «ስቶፐር» ይባላል። «ኩዊት» በፈረንሳይኛ በኩል ከላቲን የመጣ ሲሆን መነሻው ከዕዳና ከግዴታ ነጻ መሆንን ያመለክታል። አንዱ ፈሳሹን ይወትፋል፣ ሌላው የታሰረውን ይለቃል።

ከዚህ ቀጥሎ ያሉትን ደረጃዎች በተራ ይከተሉ። ብዙውን ጊዜ ከሁለተኛው ሳያልፉ መልሱን ያገኙታል።

ደረጃ 1፦ ያቆመው ማን እንደሆነ ይመልከቱ

ያቆመው ዝናብ፣ አውቶቡስ፣ ሰዓት፣ ደም ወይም ጩኸት ከሆነ ሌላ ምርመራ አያስፈልግም፤ «ስቶፕ» ነው። ዝናቡ ሲያባራ «ዘ ሬይን ስቶፕት» ይባላል። የእጅ ሰዓትዎ ሲቆም «ማይ ዋች ስቶፕት» ነው። ዝናብ ውሳኔ የለውም፣ ስለዚህ «ኩዊት» አይሆንለትም።

መንገድ ላይ ያለው ነገር ሁሉም የ«ስቶፕ» ግዛት ነው። አዲስ አበባ ታክሲ ውስጥ «ወራጅ አለ!» ብለን የምናስቆመው፣ ፌርማታ የምንለው፣ ስምንት ማዕዘኑ ቀይ ምልክት ላይ «ቁም» ተብሎ የተጻፈው፣ በእንግሊዝኛ ሁሉም ከዚህ ቃል ጋር ይሄዳል። ፌርማታው «ባስ ስቶፕ» ነው። እግረ መንገዴን ለማለት፣ የአሜሪካው የቁም ምልክት እስከ 1954 ድረስ (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ቢጫ ነበር፤ ቀይ የሆነው ከዚያ ወዲህ ነው። ምልክቱ ራሱ ጥሩ አስተማሪ ይመስለኛል። ሹፌሩ ጎማው ሙሉ በሙሉ እስኪቆም ፍሬን ይይዛል፣ ግራ ቀኙን ያያል፣ ከዚያ መንገዱን ይቀጥላል። «ስቶፕ» ያለው ሰው አይቀጥልም ማለት እንዳልሆነ ከዚህ በላይ የሚያሳይ የለም። እዚያው ምልክት ላይ «ኩዊት» ተጽፎ ቢሆን ኖሮ ሹፌሩ ቁልፉን አስረክቦ ወደ ቤቱ በሄደ ነበር።

አንድ ማምለጫ አለ። አሜሪካኖች ሞተር ድንገት ሲጠፋባቸው «ዘ ኤንጂን ኩዊት» ይላሉ። «ማይ ካር ኩዊት ኦን ሚ» ሲሉ ደግሞ እኛ «መኪናዋ መንገድ ላይ ከዳችኝ» እንደምንለው ነው፤ ዕቃውን እንደ ሰው ቆጥረው መውቀሳቸው ነው። ይህን መስማት እንጂ መናገር ግድ አይልዎትም።

ደረጃ 2፦ በ«አቆመ» ፈንታ «ለቀቀ» ወይም «ተወ» ያስገቡ

ባለቤቱ ሰው ከሆነ ወደዚህ ይለፉ። የአማርኛውን ዓረፍተ ነገር ይውሰዱና «አቆመ» የሚለውን አውጥተው «ለቀቀ» ወይም «እስከ ወዲያኛው ተወ» ይተኩበት። ትርጉሙ ሳይናጋ ከተቀበለ «ኩዊት» ይሠራል። ካልተቀበለ ወደ «ስቶፕ» ይመለሱ።

ሥራ ይለቀቃል። ሲጋራ፣ መጠጥ፣ ጫት፣ ቁማር ይተዋል። ከቡድን፣ ከማኅበር፣ ከዕቁብ ይወጣል። እነዚህ ሁሉ ሰውየው ቃል የገባባቸው ወይም ልማድ ሆነው የያዙት ነገሮች ስለሆኑ «ኩዊት» ይስማማቸዋል። በአንጻሩ ጥያቄ ሲጠየቅ ንግግሩን ያቋረጠ አስተማሪ ንግግርን አልለቀቀም፤ «ስቶፕት ቶኪንግ» ነው። ስልክ ሲጠራ መጻፏን ያቆመች ሴት «ስቶፕት ራይቲንግ»። ኩዊት ብትል ጸሐፊነትን እርግፍ አድርጋ የተወች ትመስላለች።

ቀረብ ብለን አንድ ምሳሌ እንይ። ቤቷ እንጀራ እየጋገረች ለአካባቢው ሱቆች የምታስረክብ ሴት እናስብ። ከሰዓት ላይ መብራት ጠፋ፣ ምጣዱ ቀዘቀዘ፣ ሊጡ ባለበት ቀረ። ለጎረቤቷ «አይ ስቶፕት ቤኪንግ እንጀራ» ስትል ጎረቤት የሚገባት መጋገሩ መቋረጡ ነው፤ መብራት ሲመጣ ትቀጥላለች። ያችው ሴት «አይ ኩዊት ቤኪንግ እንጀራ» ብትል ንግዱን ዘጋችው፣ ምጣዱንም ሳትሸጠው አትቀርም። ሱቆቹ ይህን ሲሰሙ ሌላ አስረካቢ መፈለግ ይጀምራሉ። ሁለቱንም በአማርኛ «እንጀራ መጋገር አቆምኩ» ብላ ልትላቸው ትችል ነበር።

ትምህርት ላይ ትንሽ ይጠንቀቁ። «ትምህርት አቋረጠ» ለማለት «ኩዊት ስኩል» ይባላል፣ ስህተት የለውም። ዘወትር የሚሰማው ግን «ድሮፕት አውት» ነው። ለአንድ ሴሚስተር ዕረፍት የወሰደ ተማሪ በሁለቱም መጠራት የለበትም፤ ይመለሳልና።

ደረጃ 3፦ ለጊዜው ነው ወይስ ለመጨረሻው?

የሁዳዴን ጾም ያስቡ። 55 ቀን ሥጋ፣ ወተት፣ እንቁላል የለም፤ በፋሲካ ዶሮው ይቀርባል። የሥራ ባልደረባዎ ምሳ ሰዓት ላይ ለምን ሥጋ እንደማይበሉ ቢጠይቅዎትና «አይ ኩዊት ሚት» ብለው ቢመልሱ፣ ከዛሬ ጀምሮ ሥጋ የማይበሉ ሰው ሆነው ይመዘገባሉ፤ በፋሲካ ማግስትም ሰላጣ ሊጋብዝዎት ይችላል። «አይ ስቶፕት ኢቲንግ ሚት» ይሻላል፣ ግን እሱም እስከ መቼ እንደሆነ አይናገርም። ለጾም የተዘጋጀላቸው አባባል «ጊቭ አፕ» ነው፤ «አይ ጌቭ አፕ ሚት ፎር ሌንት» ሲሉ የሚጾም ፈረንጅ ወዲያው ይገባዋል።

የሁለቱ ቃላት ልዩነት በአንድ ቀን በአንድ ሰው ላይ የታየበት አጋጣሚ ልጥቀስ። ኃይሌ ገብረሥላሴ በኖቬምበር 2010 የኒውዮርክ ማራቶንን ሲሮጥ ጉልበቱ አሞት 16ኛው ማይል አካባቢ ቆመ። ያ «ስቶፕት» ነው፤ እግሩ ቆመ። የዚያኑ ዕለት ለጋዜጠኞች ከሩጫ ዓለም መሰናበቱን ተናገረ። እዚህ ላይ ነው «ኩዊት» የሚያስፈልገው፤ የቆመው እግሩ ሳይሆን የሩጫ ሕይወቱ ነው። ሳምንት ገደማ እንዳለፈ ሐሳቡን ለወጠ፣ ራሱን ከውድድር ዓለም ያገለለውም በ2015 ነው። የመጀመሪያውን ድርጊት ማንም ወደ ኋላ ሊመልሰው አይችልም፤ ያ ውድድር ቆሞ ቀርቷል። ሁለተኛው ግን ውሳኔ ነበርና ተሻረ። በነገራችን ላይ የእንግሊዝኛ ጋዜጦች እንዲህ ላለ ታላቅ ሯጭ «ሪታየርድ» ማለትን ይመርጣሉ። «ኩዊት» ላይ የመሸሽ ሽታ አለበት፤ «ኩዊተር» የሚለው ስድብ የወጣው ከዚሁ ነው፤ ትንሽ ሲከብደው ጥሎ የሚሄድ ሰው ማለት ነው።

እንዲህ ሲባል «ኩዊት» ያለ ሰው አይመለስም ማለት አይደለም። ሲጋራን አምስት ጊዜ «ኩዊት» ያደረገ ሰው ሞልቷል። ቃሉ የሚጠይቀው ሐሳቡን ነው፤ ሲለው ለመጨረሻ ብሎ ማለቱን።

ሲጋራ ላይ ሁለቱ ቃላት ይገናኛሉ። «ስቶፕት ስሞኪንግ» ቢሉም «ኩዊት ስሞኪንግ» ቢሉም ትክክል ነው፤ ምርጫው ይበልጥ የአገር ጉዳይ ነው። እንግሊዞች ከ2012 ጀምሮ በየጥቅምቱ ሰዉ ሲጋራ እንዲያቆም የሚቀሰቅሱበትን ዘመቻ «ስቶፕቶበር» ብለው ሰይመውታል፤ «ስቶፕ» እና «ኦክቶበር» ተዳቅለው። አሜሪካኖች ለዚሁ ጉዳይ ያቋቋሙት ነጻ የስልክ መስመር ስሙ «ኩዊት ናው» ነው። የአሜሪካ ክሊኒክ ቅጽ ላይ «ዴት ኩዊት» የሚል ክፍት ቦታ ካዩ የሚጠየቁት ሲጋራውን የተዉበትን ቀን ነው፤ ከሥራ ጋር አይገናኝም።

ደረጃ 4፦ ቀጥሎ የሚመጣውን ግስ በ«ለ» ይፈትሹ

አማርኛ ተናጋሪ ከሁሉም በላይ የሚሰናከለው እዚህ ነው። ትምህርት ቤት «ቱ» የሚለውን «መ-» ብለን ስለተማርን «ማጨስ» ሲመጣ እጃችን ወደ «ቱ ስሞክ» ይሄዳል። «አይ ስቶፕት ቱ ስሞክ» እንላለን። ሰሚው የሚገባው ደግሞ ግልብጡ ነው፦ ሲጋራ ለማጨስ ቆም አልኩ። ለሐኪም እንዲህ ያለ ሰው ሳይታወቀው አጫሽ ነኝ ብሎ መሰከረ ማለት ነው።

መፍትሔው ከራሳችን ቋንቋ ይገኛል። ሁለቱን ይመልከቱ፦ «ማጨስ አቆምኩ» እና «ለማጨስ ቆምኩ»። አማርኛው በደንብ ለይቷቸዋል። «ለ» ካለ «ቱ» ይመጣል። «ለ» ከሌለ ግሱ «ኢንግ» ይጨመርበታል። ስለዚህ «ማጨስ አቆምኩ» «አይ ስቶፕት ስሞኪንግ» ነው፣ «ለማጨስ ቆምኩ» ደግሞ «አይ ስቶፕት ቱ ስሞክ»። ነዳጅ ለመቅዳት የቆመ «ስቶፕት ቱ ጌት ጋዝ»። ነዳጅ መቅዳቱን ያቋረጠ «ስቶፕት ፓምፒንግ ጋዝ»። ግሱም «ቆምኩ» ከሆነ «ቱ»ን፣ «አቆምኩ» ከሆነ «ኢንግ»ን ይጠቁማል። በአንድ «አ» ይለያያሉ።

«ኩዊት»ም ይህንኑ ሕግ ይከተላል። የተዉት ነገር በ«ኢንግ» ይመጣል፦ «ኩዊት ድሪንኪንግ»፣ መጠጣት ተወ። የተዉበት ዓላማ በ«ቱ» ይመጣል፦ «ሺ ኩዊት ቱ ስተዲ ነርሲንግ»፣ ነርስነት ለመማር ሥራዋን ለቀቀች። እዚህ ሁለተኛው ላይ «ሥራ» የሚለው ቃል አልተጠራም። «ኩዊት» ብቻውን ሲቆም ሰሚው ሥራ መልቀቅን ነው የሚያስበው። «አይ ኩዊት!» ብሎ በሩን የዘጋ ሰው ምኑን እንደተወ ማንም አይጠይቀውም። «አይ ስቶፕት» ብሎ ዝም ያለ ሰው ግን «ምኑን?» መባሉ አይቀርም።

ደረጃ 5፦ ሌላ ሰው ካስቆሙ

ሌላውን ሰው ማስቆም «ስቶፕ» ብቻ የሚችለው ሥራ ነው። «አይ ስቶፕት ሂም»፣ አስቆምኩት። «አይ ኩዊት ሂም» የሚባል የለም ማለት ይቻላል፤ ማንም ስለሌላው ሰው «ኩዊት» ማድረግ አይችልም።

አንድ ወጥመድ አለ። በአማርኛ «እንዳይወጣ ከለከልኩት» ስንል አፍራሹ «አይ» ግሱ ውስጥ ተሰክቷል። ይህን ቃል በቃል ስንወስደው «አይ ስቶፕት ሂም ኖት ቱ ጎ አውት» የሚል ይወጣል። እንግሊዝኛው አፍራሹን አይፈልገውም፤ «ስቶፕ» ራሱ ከልክሏል። ትክክለኛው «አይ ስቶፕት ሂም ፍሮም ጎይንግ አውት» ነው። «ኖት» ወጥቶ «ፍሮም» ይገባል፣ ግሱ «ኢንግ» ይይዛል። ልጅ እንዳይወድቅ፣ ውሻ እንዳይነክስ፣ ውሃ እንዳይፈስ፣ በዚህ ቅርጽ ሁሉም ይሄዳል።

ደረጃ 6፦ ሥራን በተመለከተ ሦስት ጊዜ ያስቡ

«ሥራ አቆምኩ» አማርኛ ላይ ሰፊ ናት። የለቀቀም ይላታል፣ የተባረረም ዘወር አድርጎ ይላታል፣ ወልዳ ቤት የዋለችም ትላታለች። በእንግሊዝኛ እያንዳንዱ የየራሱ በር አለው።

«አይ ኩዊት» ካሉ የወጡት በራስዎ ፈቃድ ነው። «አይ ዎዝ ሌይድ ኦፍ» ካሉ ሥራው ቀንሶ ወይም ድርጅቱ ተዳክሞ ቀነሱዎት። «አይ ዎዝ ፋየርድ» ከሆነ ባጠፉት ጥፋት ወይም ሥራዎ ስላልተወደደ ተባረሩ። «አይ ስቶፕት ወርኪንግ ዜር» ደግሞ ገለልተኛው ነው፤ እዚያ መሥራቴ አበቃ ከማለት ያለፈ ምንም አይገልጥም። «አይ ስቶፕት ማይ ጆብ» ግን አይባልም። «ስቶፕ» ሥራን እንደ ዕቃ አይቀበለውም፤ መሥራትን እንጂ።

ይህን የማበዛው በምክንያት ነው። አሜሪካ ውስጥ የሥራ አጥ ድጎማ የሚከፈለው በጥቅሉ ያለ ራሱ ጥፋት ከሥራ ለወጣ ሰው ነው። በፈቃዱ የለቀቀ ሰው ሕጉ የሚቀበለው በቂ ምክንያት ካላቀረበ አብዛኛውን ጊዜ ይከለከላል፤ በቂ ምክንያት የሚባለው ምን እንደሆነ ከግዛት ግዛት ይለያያል። የማመልከቻው ቅጽ ከሥራ የወጡበትን ምክንያት ይጠይቃል፣ ከሚቀርቡት ምርጫዎች አንዱ «ኩዊት» ነው። እንግዲህ አንድ የመጋዘን ሠራተኛ ሥራ ቀዝቅዞ አለቃው «ከሚቀጥለው ሳምንት ጀምሮ አትምጣ፣ ሰዓት የለም» ብሎት ሲቀር፣ በአማርኛ «ሥራ አቆምኩ» ስለሚለው ብቻ «ኩዊት» ላይ ምልክት ቢያደርግ የራሱን መብት በራሱ እጅ ሰረዘው። መምረጥ የነበረበት ሥራ በመቀነሱ የሚለውን ነው። ቅጹ ላይ ያልገባዎት ቃል ካለ ከመፈረምዎ በፊት አስተርጓሚ ይጠይቁ፤ ብዙ ቢሮዎች በስልክ ያገናኛሉ።

የአሜሪካ መንግሥት ራሱ በወርሃዊ የሥራ ገበያ ጥናቱ የለቀቁትን «ኩዊትስ» ብሎ ለብቻ፣ የተቀነሱትንና የተባረሩትን ደግሞ ለብቻ ይቆጥራል። በ2021 መጨረሻ በአንድ ወር ከ4 ሚሊዮን በላይ ሰው በፈቃዱ ሥራ ሲለቅ የዜና ማሰራጫዎች ይህችን ቃል ሲደጋግሟት ከረሙ። በዓመቱ ደግሞ «ኳየት ኩዊቲንግ» የሚል አባባል በቲክቶክ ገነነ። ስሙ ያሳስታል። ማንም አልለቀቀም፤ ሠራተኛው የተቀጠረበትን ብቻ እየሠራ፣ ሰዓቱ ሲደርስ ይወጣል፣ ከዚያ ያለፈ አይጨነቅም ለማለት ነው።

የመልቀቂያ ደብዳቤ ላይ «ኩዊት» አይጻፍም። ለጓደኛ የሚነገር ቃል ነው። ደብዳቤው «ሪዛይን» ይላል፤ «አይ አም ራይቲንግ ቱ ሪዛይን» ብለው ጀምረው የመጨረሻ የሥራ ቀንዎን ይግለጹ። የሁለት ሳምንት ማስታወቂያ መስጠት በአሜሪካ ልማድ ነው፣ የፌዴራል ሕግ ግን አያስገድድም፤ ውል ከፈረሙ ውልዎን ይዩ። ለአዲስ ሥራ ቃለ መጠይቅ ሲቀርቡም «ዋይ ዲድ ዩ ሊቭ?» ተብለው ሲጠየቁ «ሌፍት» በሚለው ቢመልሱ ለጆሮ ይለሰልሳል። እንግሊዝ ውስጥ ደግሞ ከነጭራሹ «ሊቭ» ነው የሚዘወተረው።

ደረጃ 7፦ አጻጻፍና አነባበብ

«ስቶፕ» ላይ «ኢዲ» ሲጨመር «ፒ» ይደገማል፤ ሲነበብ ግን መጨረሻው «ት» ነው፣ «ስቶፕት»። «ስቶፕድ» ብለው ከዘረጉት «ስቱፒድ» ወደሚለው ስድብ ይጠጋል፤ ስለሰው እየተናገሩ ከሆነ አያድርስ ነው። ሌላው ልማዳችን መነሻዋ ላይ «እ» ጨምረን «እስቶፕ» ማለት ነው። አይጎዳም፣ ግን «ስ»ን ብቻዋን ረዘም አድርገው ቢለማመዷት ትስተካከላለች።

«ኩዊት» ላይ ኃላፊው ጊዜም ያው «ኩዊት» ነው። ዛሬ «ኩዊት»፣ ትናንትም «ኩዊት»። «ኩዊትድ» የሚል በድሮ ጽሑፍ ላይ ቢያዩም ዛሬ አይናገሩት። «ኢንግ» ሲጨመር «ቲ» ይደገማል። ከሁሉም የሚያስቸግሩት ሁለት ጎረቤቶቿ ናቸው፦ ጸጥተኛ ማለት የሆነው «ኳየት» እና በጣም ለማለት የሚያገለግለው «ኳይት»። በእንግሊዝኛ ፊደል ሦስቱም በአንድ ፊደል ልዩነት ወይም በቦታ መለዋወጥ ብቻ ይለያያሉ። «ማይ ሰን ኢዝ ኳየት» ሊሉ አስበው «ኩዊት» ብለው የጻፉለት መምህር ልጅዎ ትምህርት አቋረጠ ብሎ ሊደነግጥ ይችላል።

ስልክና ኮምፒውተር ላይ

አንድሮይድ ስልክ ላይ አልታዘዝ ያለ መተግበሪያን የሚዘጉበት ቁልፍ «ፎርስ ስቶፕ» ይላል። ማክ ኮምፒውተር ላይ ያው ሥራ «ፎርስ ኩዊት» ይባላል። ኩባንያዎቹ ስለመረጡት ነው እንጂ የትርጉም ልዩነት አይፈልጉበት። ማክ ላይ ግን አንድ ቁም ነገር አለ፦ ቀዩን ነጥብ ሲጫኑ የሚዘጋው መስኮቱ ነው፣ ፕሮግራሙ ብዙውን ጊዜ ከበስተጀርባ እንደተከፈተ ይቆያል። ጨርሶ የሚወጣው «ኩዊት» ሲሉት ነው። ድምፅ መቅጃ ላይ ያለው ደግሞ ምንጊዜም «ስቶፕ» ነው።

ቤት ኪራይ ላይ የሚመጣ «ኩዊት»

በርዎ ላይ «ኖቲስ ቱ ኩዊት» የሚል ወረቀት ተለጥፎ ካገኙ ሥራን አይመለከትም። እዚህ «ኩዊት» ጥንታዊ ትርጉሙን ይዞ ቤቱን ለቅቆ መውጣት ማለት ነው። ወረቀቱ አከራዩ ቤቱን እንዲለቁ የሚያሳውቅበት ሲሆን በብዙ ቦታ የማስወጣት ክስ የሚጀመርበት እርምጃ ነው። ማሳቹሴትስ ውስጥ ለምሳሌ ኪራይ ባለመከፈሉ የሚሰጠው የ14 ቀን ማስታወቂያ በዚሁ ስም ይጠራል። ወረቀቱ ብቻውን አያስወጣዎትም፤ የሚያስወጣው ፍርድ ቤት ነው። ስለዚህ «ኩዊት ይላልና የሆነ ነገር አቁሙ እያሉን ነው» ብለው መሳቢያ ውስጥ አይክተቱት፤ ቀኑን አይተው ያንኑ ዕለት የሕግ እርዳታ ይጠይቁ።

ሲቆጡ

«ስቶፕ ኢት!» በየትኛውም አገር፣ ለማንም ይሠራል። «ኩዊት ኢት!» የአሜሪካ ቤት ውስጥ ቃል ነው፤ ወንድምና እህት ኋላ ወንበር ላይ ሲነታረኩ የሚሰማ። እኛ «ተው እንጂ!» የምንለው ነው። ለአለቃ፣ ለማያውቁት ሰው፣ ለፖሊስ አይባልም።

መለማመጃ

እነዚህን በመጀመሪያ ራስዎ ይሞክሯቸው፣ ከዚያ መልሱን ይዩ።

«ልጁ ማልቀስ አቆመ።» ሰው ነው፣ ግን ለቅሶን አልለቀቀም፤ ነገም ያለቅሳል። «ዘ ቦይ ስቶፕት ክራዪንግ»።

«ሐኪሙ መድኃኒቱን እንዳቆም ነገረኝ።» «ዘ ዶክተር ቶልድ ሚ ቱ ስቶፕ ቴኪንግ ዘ ሜዲስን»። መድኃኒት በትእዛዝ የሚቋረጥ ስለሆነ «ስቶፕ» ይመረጣል። «ቴኪንግ» የምትለዋን አይዝለሏት።

«ፖሊስ አስቆመኝ።» «ዘ ፖሊስ ስቶፕት ሚ»። እየነዱ ከነበረ አሜሪካ ላይ «አይ ጎት ፑልድ ኦቨር» ይበልጥ ይሰማል።

«መንገዴን አክስቴ ጋ ጎራ አልኩ።» «አይ ስቶፕት ባይ ማይ አንትስ ሃውስ»። ጎራ ማለት «ስቶፕ ባይ» ነው፤ «ባይ»ን ከረሱ አክስትዎን ያስቆሙ ይመስላል።

«ጂም አቆምኩ።» መልሱ በባንክ ሒሳብዎ ይወሰናል። አባልነቱን ሰርዘው ከሆነ «አይ ኩዊት ዘ ጂም»። መሄዱን ትተው በየወሩ ግን እየተቆረጠብዎት ከሆነ «አይ ስቶፕት ጎይንግ ቱ ዘ ጂም» ነው።

«ደክሞናል፣ ለዛሬ ይብቃን።» «ሌትስ ስቶፕ ሂር» ይበቃል። «ሌትስ ኮል ኢት ኩዊትስ» የሚልም ይሰማሉ፣ መጨረሻው ላይ «ስ» አለችው። ስለ ሥራ ሲባል በቃን፣ እንበተን ማለት ነው። ስለ ባልና ሚስት «ዜይ ኮልድ ኢት ኩዊትስ» ከተባለ ግን ተለያይተዋል ማለት ስለሆነ «እንኳን ዐረፉ» ብለው እንዳይመልሱ።